ትንሽ የመኪና ጭረት በገዛ እጃችን እንዴት ይጠገናል?

(በማኅበረሰብ ሬዲዮ የአማርኛ ፕሮግራም ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን በመኪና ላይ ስለሚደርስ ትንንሽ ጭረትና ስለ ቀለም ንክኪ ነው። «ማኅበራዊ ሠራተኛንና የመኪና ቀለምን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው፤ የሚያገናኛቸው ገንዘብና የቤት ሰላም ነው። ከመርከዝ ክሊታ ወጥቶ ነታንያ የገባ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ የሚያወጣው ትልቁ ወጪ ብዙውን ጊዜ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ አውቶቡስ ሳይጀምር ለሥራ የሚወጣ ሰው ያለ መኪና እንጀራው አይሟላም። ያ በብዙ ድካም የተገዛ መኪና አንድ ቀን በሩ ተጭሮ ሲገኝ ባልና ሚስት ይወቃቀሳሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይኳረፋል፤ ልጅም «በብስክሌትህ የጫርኸው አንተ ነህ» ተብሎ ይመታል። ከዚያ ባለመኪናው ደንግጦ መጀመሪያ ያገኘው ሙሳኽ ይገባል፣ በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ ወሩ ሲያልቅ የቤት ኪራይ ይጎድላል።

ከእነዚህ ጭረቶች ብዙዎቹ ግን በጥቂት አሥር ሸቀሎችና በአንድ ረፋድ ሥራ የሚስተካከሉ ናቸው። የማይስተካከሉም አሉ። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ የትኛው ጭረት በእጃችን ይጠገናል፣ እንዴት ይጠገናል፣ መቼስ እጃችንን ሰብስበን ወደ ባለሙያ እንሂድ?

ከመንካታችን በፊት

ጭረቱን እንዳያችሁ ጨርቅና ሳሙና ለማምጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጉዳቱን ያደረሰው ማን እንደሆነ፣ መኪናውም የማን እንደሆነ ይታሰብ።

ሌላ ሾፌር መኪናችሁን ገጭቶ ከሆነ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የእሱን ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የመኪናውን ታርጋና የኢንሹራንስ ኩባንያውን ስም ጻፉ። ካሣ የምትጠይቁ ከሆነ ጉዳቱን የሚገምተው ባለሙያ፣ ሻማይ የሚባለው፣ ሳያየው አትጠግኑት። ተጠግኖ ያለቀ ጉዳት ለማስረዳት ያስቸግራል።

መኪናው የሥራ ቦታ ወይም የሊሲንግ ከሆነ ደግሞ ጭረቱ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ራሳችሁ አትንኩት። ለአሠሪው አስታውቁ። በቅን ልብ ያደረጋችሁት ጥገና «ጉዳት ደበቀ» ሊያሰኝ ይችላል።

ስለ ኢንሹራንስ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሖቫ የሚባለው ግዴታ ኢንሹራንስ የሚከፍለው በአደጋ ለተጎዳ ሰው አካል ብቻ ነው፤ ለብረትና ለቀለም አንዲት አጎራ አይከፍልም። ጻድ ጊሜል የሚባለው እኛ በሌላው ሰው ንብረት ላይ ላደረስነው ጉዳት ይከፍላል። የራሳችንን መኪና የሚያሳድሰው መቂፍ ነው። መቂፍ ያለውም ቢሆን መጀመሪያ ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ አለው፤ ስሙም ሂሽታትፉት ዓጽሚት ነው። የትንሽ ጭረት ዋጋ ብዙ ጊዜ ከዚህ ድርሻ ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ ኩባንያዎቹ አዲስ ውል ሲዋዋሉ ያለፉትን ዓመታት የካሣ ጥያቄዎች ስለሚመለከቱ፣ ለጣት ርዝመት ጭረት ካሣ መጠየቅ በሚቀጥለው ዓመት ክፍያውን ሊያስወድድ ይችላል። እንግዲህ መኪናው የራሳችን፣ ጉዳቱም ትንሽ ሲሆን በእጃችን መሥራቱ የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የመኪና ቀለም ስንት ልብስ አለው?

የመኪና ቀለም አንድ ቅብ ይመስላል እንጂ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ልብስ ነው። ከታች ብረቱ አለ። በብረቱ ላይ ዝገት የሚከለክልና ቀለሙን የሚያጣብቅ መሠረት፣ ፕራይመር የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ቅብ አለ። በእሱ ላይ ዓይናችን የሚያየው ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይመጣል። ከሁሉም በላይ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቀለም የሌለው ላካ ይቀባል።

እነዚህ ሁሉ ተደራርበው ውፍረታቸው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በቀላሉ ለመረዳት አንድ ነጠላ የጽሕፈት ወረቀት ውሰዱ፤ የመኪናችሁ ቀለም በሙሉ ውፍረቱ ከዚያ ወረቀት እምብዛም አይበልጥም። ላካው ለብቻው ከራስ ፀጉር የቀጠነ ነው። ይህን ያወቀ ሰው መኪናውን በድስት መፈግፈጊያ አይፈገፍግም። የተፈገፈገ ላካ እንደ ፀጉር ተመልሶ አይበቅልምና።

ሦስት ቀላል ፈተናዎች

ጭረቱ የትኛው ልብስ ድረስ እንደደረሰ ለማወቅ ቦታውን አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ እነዚህን ሞክሩ።

የመጀመሪያው የውሃ ፈተና ነው። በጭረቱ ላይ ትንሽ ውሃ አድርጉ። ውሃው እያለ ጭረቱ ከጠፋ፣ ሲደርቅም ተመልሶ ከታየ፣ ጉዳቱ ላካው ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የጥፍር ፈተና ነው። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አግድም ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ጥፍር ሳይያዝ ካለፈ በፖሊሽ ይወጣል። ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ስለሆነ ቀለም መሙላት ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው በዓይን ማየት ነው። በጭረቱ ውስጥ የመኪናው ቀለም ከታየ ጉዳቱ ቀላል ነው። ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ከታየ ፕራይመሩ ጋ ደርሷል። የሚያብለጨልጭ ብረት ወይም ቡናማ ዝገት ከታየ መጨረሻው ላይ ደርሷል፤ ጊዜ አይሰጥም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጭረት የሚመስለው ነገር ከመኪናው ቀለም በላይ የተለጠፈ የሌላ ነገር ቀለም ሆኖ ይገኛል። ይህ ከሁሉም የቀለለው ነውና ከእሱ እንጀምር።

የሌላ ነገር ቀለም ሲለጠፍ

ከሕንፃ ሥር ባለ መኪና ማቆሚያ ያለ ምሰሶ፣ በቀለም የተቀባ የመንገድ ጠርዝ ወይም የሌላ መኪና ፓራውልት ሲነካን የራሱን ቀለም ጥሎብን ይሄዳል። ሰው ሲያየው ቀለሙ የተላጠ ይመስለውና ይደነግጣል። አብዛኛው ግን ታጥቦ የሚሄድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ባልዲ አዘጋጁ፤ በአንዱ የሳሙና ውሃ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ ይሁን። በዚህ አገር መኪናን በውሃ ጎማ ማጠብ በውሃ ደንብ የተከለከለ ስለሆነ በባልዲ ብቻ እጠቡ። አሸዋና አቧራ ሳይታጠብ ማሸት ሌላ ጭረት ይጨምራል። ነታንያ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ነፋሱ ጨውና ደቃቅ አሸዋ ያመጣልና ማጠቡን እንደ ተራ ነገር አትቁጠሩት።

ቦታው ከደረቀ በኋላ ለስላሳ የጥጥ ወይም የሚክሮፋይበር ጨርቅ ጫፍ ላይ ጥቂት አኳራጅ፣ እዚህ ጠርፐንጢን የሚባለውን፣ ንኩ። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ሞክሩት። ጨርቁ የመኪናችሁን ቀለም ካላነሣ ወደ ምልክቱ ሂዱና ሳትጫኑ ለጥቂት ሰከንዶች እሹት። ወዲያው በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። የቀረ ካለ አንድ ጊዜ ድገሙት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥላ በፖሊሽ ይወጣል።

ቲነርና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ግን ፈጽሞ አትጠቀሙ። እነሱ የተለጠፈውን ብቻ አይደለም የሚያነሡት፤ ከሥሩ ያለውን የራሳችሁን ቀለምም ያቀልጡታል፤ በተለይም ከዚህ በፊት በጋራዥ እንደገና የተቀባ ቦታ ከሆነ።

ላካው ላይ የቀረ ጭረት

ጥፍር የማይዘው ጭረት ለምን ይታያል? ጭረት ማለት በላካው ላይ የተቆፈረች ትንሽ ቦይ ናት። የቦይዋ ጠርዝ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ስለሚበትነው ዓይናችን ነጭ መስመር ያያል። ፖሊሽ በውስጡ እጅግ ደቃቅ ፈጋጊ ዱቄት አለው፤ የቦይዋን ጠርዝ ያለዝበዋል። ጠርዙ ሲለዝብ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይመለሳል፤ መስመሩም ይጠፋል።

ቦታውን አጥባችሁ በጥላ ሥር አድርቁ። የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርጉ። ከሁለት መዳፍ የማይበልጥ ቦታ ብቻ በመጠነኛ ኃይል ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ወዲያ ወዲህ እሹ። በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና ተመልከቱ። ካልጠፋ ድገሙት። ሦስት፣ አራት ጊዜ ተደርጎ ካልጠፋ ግን ጭረቱ ካሰባችሁት ይጠልቃልና አቁሙ። በበሩና በኮፈኑ ጠርዝ ላይ፣ እንዲሁም ቆርቆሮው በታጠፈበት መስመር ላይ ቀለሙ ስለሚቀጥን እዚያ እጃችሁን አቅልሉ። በመጨረሻ የመኪና ሰም ቀቡበት፤ ውሃና ጨው እንዳይዘልቀው ይረዳዋል።

በጥርስ ሳሙና ስለመጥረግ ብዙ ሰው ይጠይቃል። የጥርስ ሳሙናም ጥቂት ፈጋጊ ስላለው በጣም ቀላል የሆነ መስመር ሊያደበዝዝ ይችላል። ከዚያ የበለጠ አትጠብቁበት። አንድ ጠርሙስ ፖሊሽ ለብዙ ጊዜ ስለሚያገለግል ሁለትና ሦስት ጎረቤታሞች ተዋጥታችሁ ብትገዙ ይሻላል።

የመኪናችሁ ቀለም በጨርቁ ላይ ከወጣ ደግሞ አትደንግጡ። ይህ አንዳንድ የቆዩ መኪናዎች ላካ ሳይደረብላቸው በአንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ስለተቀቡ የሚሆን ነው። ነገር ግን የምትፈገፍጉት ቀለሙን ራሱን ስለሆነ በአንድ ወይም በሁለት ዙር ተወሰኑ።

እስከ ፕራይመር ወይም እስከ ብረት የደረሰ ጭረት

እዚህ ላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል ይሠራል። ብረት እርጥበትና አየር ሲያገኘው ይዝጋል፤ ጨው ደግሞ ያፋጥነዋል። በባሕር ዳር ከተማ ብረቱ የተጋለጠ ጭረት ለወራት ከተተወ ዝገቱ በቀለሙ ሥር ገብቶ ወደ ጎን ይስፋፋል። ከዚያ በኋላ ሥራው የመቀባት መሆኑ ቀርቶ የመቁረጥና የመበየድ ሥራ ይሆናል። ፓራውልት ግን በዛሬ መኪናዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም። ገንዘብ በጠፋበት ወር የፓራውልትን ጭረት ተዉት፤ የበሩን፣ የኮፈኑንና የፓራፋንጎውን አስቀድሙ።

የመጀመሪያው ሥራ ትክክለኛውን ቀለም ማግኘት ነው። «ነጭ ነው» ብሎ መግዛት ያሳስታል፤ ነጭ ብዙ ዓይነት ነውና። እያንዳንዱ መኪና የቀለም መለያ አለው፤ በዕብራይስጥ ቆድ ጼቫዕ ይባላል። በብዙ የጃፓንና የኮሪያ መኪናዎች የሾፌሩን በር ስትከፍቱ በምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም ቆርቆሮ ላይ ታገኙታላችሁ። በስኮዳና በፎልክስቫገን ብዙ ጊዜ የዕቃ መጫኛው ወለል ሥር፣ በትርፍ ጎማው አካባቢ ይገኛል። ለምሳሌ በቶዮታ ላይ 040 የሚል ቁጥር አንድ የታወቀ ነጭ ቀለም ነው። ይህን መለያ ጽፋችሁ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ወደ መኪና ቀለም መሸጫ ሂዱ። የሚጠየቀው ዔት ቲቁን ነው፤ በጫፉ ትንሽ ብሩሽ ያለው የቀለም ብልቃጥ ማለት ነው። አንዳንዱ ከላካ ጋር በጥንድ ይሸጣል። ብረት ለታየበት ጭረት ፕራይመርም ጨምሩ።

አሠራሩ በተራ እንዲህ ነው።

1ኛ፤ ቦታውን አጥባችሁ አድርቁ። በጭረቱ ዙሪያ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ።

2ኛ፤ ዝገት ካለ ትንሽ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጥፋችሁ በጫፉ ጭረቱን ብቻ እየነካችሁ ብረቱ እስኪያበራ ጥረጉ። ዙሪያውን አትንኩ።

3ኛ፤ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ስቡን አስለቅቁ፤ ይድረቅ። ሰም ወይም የእጅ ወዝ ካለበት ቀለሙ አይይዝም።

4ኛ፤ ብረት ከታየ በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ጫፍ ፕራይመር ጠብ አድርጉበት። በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ ይድረቅ።

5ኛ፤ ብልቃጡን በደንብ ነቅንቃችሁ ቀለሙን በመፋቂያው ወይም በቀጭን ብሩሽ ወደ ጭረቱ ውስጥ ሙሉ። ቀለሙ ቦይዋን ይሙላ እንጂ ባንክዋን አይለፍ። ከውጭ የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉ። በአንድ ጊዜ ለመሙላት አትሞክሩ። ወፍራም ቀለም ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል፤ በኋላም ይሰነጠቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ እያደረቃችሁ ቀቡ።

6ኛ፤ ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ቢቻል በማግሥቱ፣ ላካውን በዚያው መንገድ ደርቡ።

7ኛ፤ አንድ ሳምንት ያህል አትጠቡት፣ ፖሊሽም አታድርጉበት። ከዚያ በኋላ በእጅ ቀለል አድርጋችሁ በፖሊሽ አለዝቡት።

ውጤቱ ፋብሪካ የሠራው አይመስልም፤ ቀርቦ ያየው ያውቀዋል። ፀሐይ ያደበዘዘው የቆየ ቀለምና አዲሱ ቀለም ልክ ለልክ አይገጥሙም። ይሁንና ከአምስት እርምጃ ርቀት አይታይም፤ ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ብረቱ መሸፈኑ ነው።

መቼና የት?

ፖሊሽም ሆነ ቀለም በሚያቃጥል ቆርቆሮ ላይ አይሠራም። እጃችሁን በኮፈኑ ላይ አሳርፋችሁ መታገሥ ካልቻላችሁ መኪናው ለሥራ አልደረሰም። በበጋ ወራት ማለዳ በጥላ ሥር፣ በክረምት ዝናብ በሌለበት ደረቅ ቀን ይሁን። ሻራቭ የሚባለው የአቧራ ነፋስ ባለበት ቀን ተዉት፤ አቧራው በእርጥቡ ቀለም ላይ ይለጠፋል። ለሰንበት መኪና ለማያነሡ ቤተሰቦች ዓርብ ጧት ጥሩ ጊዜ ነው፤ ጧት የተቀባው ሰንበትን ሙሉ ቆሞ ይደርቃል። ብቻ ጥላውን ምረጡ፤ በየመንገዱ የተተከለው የፊኩስ ዛፍ ፍሬውን እየጣለ ቀለሙን ያበላሻል። የወፍ ኩስም ቢሆን ቶሎ ካልታጠበ ላካውን ይበላዋል። ከላይ ውሃ አርከፍክፋችሁ አርጥባችሁ አንሡት፤ ደረቁን አትፋቁት።

ልጆች ባሉበት ቤት

ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ። አኳራጅና ቲነር መርዝ ናቸው። ብዙ ሰው የተረፈውን በባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ ማጠቢያ ሥር ያስቀምጠዋል። የተጠማ ሕፃን ውሃ ወይም ለስላሳ መስሎት ይጠጣዋል። በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ተጠብቆ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ድንገት ልጅ ቢጠጣ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ወዲያው ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ፤ የጠጣበትንም ዕቃ ለሐኪም አሳዩ። በሐይፋ ራምባም ሆስፒታልም ስለ መርዝ ምክር የሚሰጥ ብሔራዊ ማዕከል አለ።

ሥራውን በተዘጋ ክፍል ወይም አየር በሌለው ምድር ቤት አትሥሩ። የእጅ ጓንት አድርጉ፤ ሲጋራ አታጭሱ። የተረፈውን ፈሳሽ በማጠቢያ ወይም በመንገድ ቦይ አትድፉ። ትልልቅ ልጆች በማጠብና በማድረቅ ሊያግዙ ይችላሉ። በብስክሌቱ የጫረ ልጅም ከመመታት ይልቅ ከአባቱ ጋር ቆሞ ቢያጥብና ቢወለውል ጥንቃቄን ይማርበታል። የመኪና ቀለም ከሱቅ ይገዛል፤ የልጅ ልብ ግን አይገዛም።

ወደ ባለሙያ የሚያስኬደው

ቆርቆሮው ከተጎደጎደ፣ ጉዳቱ ከመዳፍ ከሰፋ፣ ቀለሙ እንደ ፈላ ወተት ካበጠ፣ ላካው እንደ ቆዳ ከተላጠ ወይም ፓራውልቱ ከተሰነጠቀ የቤት ሥራ አይደለም። በአዳዲስ መኪናዎች ፓራውልት ላይ ያሉትን ትንንሽ ክብ ሐይሻኒም በቀለም አትሸፍኑ፤ ከኋላቸው ያለው መሣሪያ በትክክል ላይሠራ ይችላል።

በኢትዮጵያ ባትላሜራና ቀለም ቀቢ የምንለው እዚህ ፓሓሑት ቫጼቫዕ ይባላል። በነታንያ በድሮው የኢንዱስትሪ አካባቢ እንዲህ ያሉ ጋራዦች አሉ። ወደ አንዱ ብቻ ሄዳችሁ አትወስኑ፤ ቢያንስ ከሁለት ቦታ ሀጻዓት መሒር፣ ማለትም በጽሑፍ የተሰጠ የዋጋ ግምት፣ ተቀበሉ። በወረቀቱ ላይ የትኛው ክፍል እንደሚቀባ፣ መኪናው መቼ እንደሚመለስ፣ ዋጋውም ማዓምን የጨመረ መሆኑ ይጻፍ። ማዓም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 18 ከመቶ ነው። ስለዚህ «1,000 ሸቀል ሲደመር ማዓም» የተባለው 1,180 ይሆናል። ከአጋጣሚ ውጪ ተጨማሪ ሥራ ቢያስፈልግ ሳይጠይቋችሁ እንዳይጀምሩ ተነጋገሩ። ስትከፍሉ ሔሽቦኒት ተቀበሉ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። የአሥር ዓመት ልጃችሁን የገንዘብ ውል አስተርጓሚ ከማድረግ ይልቅ በማኅበረሰቡ ውስጥ ከሚሠሩት ሜጋሽሪም አንዱን ወይም ዕብራይስጥ የሚችል ዘመድ ጠይቁ።

ከአድማጮች ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጭረት ያለበት መኪና ዓመታዊውን ቴስት ያልፋል?

መልስ፦ ተራ የቀለም ጭረት መኪናን ከቴስት አያስቀርም። መርማሪዎቹ የሚያተኩሩት በፍሬን፣ በመብራት፣ በጎማና በመሪ ላይ ነው። አካሉ በዝገት የበሰበሰ መኪና ግን ችግር ይገጥመዋል።

ጥያቄ፦ በሚረጭ ቆርቆሮ ቀለም ብቀባውስ?

መልስ፦ የሚረጨው ለሰፊ ቦታ ነው። በነፋስ ተበትኖ መስታወትንና የጎረቤትን መኪና ይነካል፤ ዳርቻውም ጎልቶ ይታያል። ለጀማሪ አይመከርም።

ጥያቄ፦ መኪናዬን ልሸጥ ነው፤ ጭረቱን ብጠግን ማታለል ይሆናል?

መልስ፦ ትንሽ ጭረትን ማስተካከል ማታለል አይደለም። ሰዎች ዋጋ የሚነጋገሩት የሌዊ ይጽሓቅን የዋጋ መጽሐፍ ይዘው ነው፤ ንጹሕ መኪናም ለክርክር አያጋልጥም። አደጋ ደርሶበት የተቀየረ ክፍል ካለ ግን ለገዢው ንገሩት። መኪናው ሲመረመር መታወቁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ማታ ላይ የጎረቤቴን የቆመ መኪና ነካሁ፤ ማንም አላየኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥሎ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን በሕግም የሚያስጠይቅ ነው። ባለቤቱ በሌለበት የቆመ መኪና የጎዳ ሾፌር ማንነቱንና አድራሻውን በጽሑፍ እንዲተው የትራፊክ ደንቡ ያዝዛል። ዕብራይስጡ ቢከብዳችሁ ይህን በሚችል ሰው አስጽፋችሁ ከመስታወቱ መጥረጊያ ሥር አድርጉ፦ «ስሊሓ፣ ፓጋዕቲ ባሬኼቭ ሼልኻ። ሽሚ … ሀቴሌፎን ሼሊ …» ትርጉሙም «ይቅርታ፣ መኪናህን ገጭቼብሃለሁ። ስሜ … ስልኬ …» ማለት ነው። በማግሥቱም በሩን አንኳኩታችሁ ተነጋገሩ። ጎረቤቱ ከእኛ ማኅበረሰብ ከሆነ በሽማግሌ ፊት መስማማት ይቻላል፤ ስምምነቱና የተከፈለው ገንዘብ ግን በጽሑፍ ይሁን። የተለጠፈ ቀለም ብቻ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ባለቤቱ ሲፈቅድ፣ ዛሬ በተነጋገርነው መንገድ አብራችሁ ልታስለቅቁት ትችላላችሁ። ካልተስማማችሁ ግን ጉዳዩ ወደ ጻድ ጊሜል ኢንሹራንስ ወይም ወደ አነስተኛ የገንዘብ ክርክሮች ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። እዚያ ጠበቃ ሳይያዝ ባለጉዳዩ ራሱ ይናገራል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ለማጠቃለል ያህል፦ አስቀድማችሁ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የጥፍርና የውሃ ፈተና አድርጉ፤ የተለጠፈውን እጠቡ፣ ላካው ላይ ያለውን ወልውሉ፣ ብረት የታየበትን ሳትውሉ ሳታድሩ ሸፍኑ፤ ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ዋጋውን አስጽፋችሁ ለባለሙያ ስጡ። በዚህ የተረፈው ገንዘብ ለልጆቻችሁ መጽሐፍ ይሁናችሁ።

በሚቀጥለው ፕሮግራማችን በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ድረስ መንገዳችሁን ሰላም ያድርግላችሁ። ጤና ይስጥልን።